ምስክሮቹ ሁሉ ከአንድ አፍ ሲናገሩ

የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት ለብዙ ዓመታት የሰው ረዳት ሆኖ ቆይቷል፤ መርከበኛውም፣ አብራሪውም፣ ቀያሹም መሣሪያው የሰጣቸውን ቦታ በዓይናቸው ካዩት፣ ከካርታቸውና ከልምዳቸው ጋር እያስተያዩ ይቀበሉት ወይም ይጥሉት ነበር። ዛሬ ያን ቁጥር በቀጥታ የሚረከበው ብዙውን ጊዜ ሌላ ማሽን ነው፤ ማሽኑም በተነገረው ቦታ ላይ ተመሥርቶ መሪ ያዞራል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ከፍታ ይቀንሳል። በሚከተለው ምልልስ ሁለት ባለሙያዎች ይህ ለውጥ ምን እንደሚጠይቅ ይመረምራሉ፤ አንደኛው ዕድሜያቸውን በመሬት ልኬት ሥራ ያሳለፉ አንጋፋ ቀያሽ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ያለ ሾፌር ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የምትቀርጽ መሐንዲስ ናት። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ውይይቱ ከመሠረቱ ቢጀመር መልካም ነው። በራሱ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ማሽን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አሁን ያለበትን ቦታ ነው፤ ሳተላይቶቹ ደግሞ ይህን በመላው ዓለም፣ ሌት ተቀን፣ ያለ ክፍያ ይነግሩታል። ስለዚህ ዋናው ችግር እንደ ተፈታ፣ የቀረውም መልሱን ከሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር ማጥራት ብቻ እንደ ሆነ የሚያስቡ መሐንዲሶች ጥቂት አይደሉም።

ቀያሹ፦ ሳተላይቱ እኮ ለማንም ቦታውን አይነግረውም፤ የሚናገረው ሰዓት ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ለሚነሣው ነገር ሁሉ መነሻ ስለሚሆን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። ጂፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሥርዓት ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በስድስት የምሕዋር መስመሮች ተከፋፍለው የሚዞሩ ከ30 በላይ ሳተላይቶች አሉት። እያንዳንዱ ሳተላይት አቶሚክ ሰዓት፣ ማለትም የአተሞችን የማይለዋወጥ ንዝረት እየቆጠረ ጊዜን የሚለካ ሰዓት ተሸክሞ፣ መልእክቱ የተላከበትን ቅጽበትና በዚያ ቅጽበት ራሱ የነበረበትን ሥፍራ በሬዲዮ ሞገድ ያሰራጫል። በስልክ ወይም በትራክተር ውስጥ ያለው መቀበያ መልእክቱ በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት ሲያባዛው ከዚያ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያገኛል። ሦስት ርቀቶች ቦታን ለመወሰን በበቁ ነበር፤ ነገር ግን የመቀበያው ርካሽ ሰዓት ከሳተላይቶቹ ሰዓት ጋር እኩል ስለማይሄድ፣ የሰዓቱ ስሕተት ራሱ አራተኛ የማይታወቅ ቁጥር ሆኖ በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ለአንድ ቢሊዮን ሲከፈል በሚገኘው ጊዜ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ ሰዓት በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ሲሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል።

መሐንዲሷ፦ የሥርዓቱ ጥንቃቄ የሚደነቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳተላይቱ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚጓዝ ሰዓቱ ምድር ላይ ካለው ሰዓት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚያ ከፍታ የምድር ስበት ደካማ በመሆኑ ደግሞ 45 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ሁለቱ ሲቻቻሉ የሚተርፈው የ38 ማይክሮ ሰከንድ ቀዳሚነት ካልታረመ የርቀቱ ስሌት በየቀኑ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሳተ በሄደ ነበር፤ ስለዚህ አንስታይን በቀመረው የአንጻራዊነት ሕግ መሠረት የሳተላይቶቹ ሰዓቶች ገና ከመተኮሳቸው በፊት በዚያው ልክ እንዲዘገዩ ተደርገው ይስተካከላሉ። እስከዚህ የተጣራን ሥርዓት ማሽን ቢያምነው ምን ይከፋል?

ቀያሹ፦ ማመኑ አይከፋም፤ ማን፣ ለምን እንደ ሠራው መርሳቱ ግን ይከፋል። በ1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ ከሳተላይቷ የሚመጣው ድምፅ ስትቀርብ እንደሚቀጥን፣ ስትርቅ እንደሚወፍር ተከታትለው ምሕዋሯን ማስላት ቻሉ። ስሌቱን ገልብጦ፣ ምሕዋሩ ከታወቀ ሳተላይት ተነሥቶ የአድማጩን ቦታ ማግኘት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወጣ፤ ከዚህም ትራንዚት የተባለው፣ በባሕር ጠላቂ መርከቦች ላይ ለተጠመዱ ሚሳይሎች ሲባል የተዘረጋው ሥርዓት ተወለደ። የጂፒኤስ ዕቅድ በ1973 ጸድቆ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ሲመጥቅም ባለቤቱ የጦር ኃይሉ ነበር። በሴፕቴምበር 1983 የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከመስመሩ ወጥቶ በሶቭየት ክልል ተመትቶ ሲወድቅ 269 ሰዎች አለቁ፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም ሥርዓቱ ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ሆኖም እስከ ሜይ 2000 ድረስ ለሲቪሉ የሚለቀቀው ሞገድ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሲቪሉ ዓለም ዛሬም በዚህ ቤት ውስጥ እንግዳ ነው።

መሐንዲሷ፦ ያ ዘመን አልፏል ማለት ይቻላል። ሩሲያ ግሎናስን፣ የአውሮፓ ኅብረት ጋሊሊዮን፣ ቻይናም በ2020 ያጠናቀቀችውን ቤይዱን ስለ ዘረጉ፣ የዛሬው መቀበያ የአራቱንም ሥርዓቶች ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ ያዳምጣል፤ አንዱ ባለቤት ቢዘጋ ሌሎቹ ይቀራሉ።

ቀያሹ፦ አራቱ ሥርዓቶች በእርግጥ አራት ምስክሮች ናቸው ወይ የሚለው በኋላ ይታያል። አስቀድሞ የምስክርነቱ ቃል በምን ሁኔታ እንደሚደርስ ማወቅ ያሻል። ከዚያ ከፍታ ተነሥቶ መሬት የሚደርሰው ኃይል አንድ ዋት ለሺህ ትሪሊዮን ሲከፈል ከሚገኘው እንኳ ያንሳል፤ በአካባቢው ካለው የሬዲዮ ጫጫታ ሥር የተቀበረ በመሆኑ መቀበያው ለይቶ የሚያወጣው የሳተላይቱን ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይም አዮኖስፌር የተባለውን፣ በፀሐይ ጨረር ምክንያት በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን የከባቢ አየር ንብርብር ሲያቋርጥ ይዘገያል። ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው፤ አገሪቱ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በሚያልፍበት መስመር ላይ ስለምትገኝ፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት ይህ ንብርብር እየተናጠ ሞገዱን ያርገበግበዋል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ይህን ክስተት ሲያጠኑ ቆይተዋል። በአውሮፓ ተፈትኖ ያለፈ መቀበያ እዚህ አመሻሹ ላይ ያንኑ ጥራት ላይሰጥ ይችላል።

መሐንዲሷ፦ ለዚህ ማረሚያ ተገኝቶለታል። ቦታው በትክክል በታወቀ ነጥብ ላይ አንድ መቀበያ ተተክሎ፣ ሳተላይቶቹ የሚሰጡትን ቦታ ከእውነተኛው ጋር እያነጻጸረ ልዩነቱን በአቅራቢያው ላሉ ማሽኖች በየሰከንዱ ሲልክ፣ በአካባቢው ያለው የአየር ንብርብር ስሕተት ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይቃለላል፤ የሚቀረው ስሕተት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ትላልቅ እርሻዎች ላይ ትራክተሮች በአንድ ትልም ላይ ሁለት ጊዜ ሳይዘሩ የሚመላለሱት በዚህ ዘዴ ነው።

ቀያሹ፦ «ቦታው በትክክል በታወቀ ነጥብ» የተባለው ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል፤ ያን ነጥብ የሚያሳውቀው ሌላ ቀያሽ ነውና። የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ሲሆን፣ ሳተላይቶቹ የሚጠቀሙት ሌላ፣ ለመላው ምድር የተዘጋጀ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳይለውጥ የሚያደባልቅ ሰው አንዱን ድንጋይ ከ200 ሜትር በሚበልጥ ርቀት በተለያዩ ሁለት ቦታዎች ያገኘዋል፤ ሁለቱም ቁጥሮች እስከ ሴንቲ ሜትር ተጽፈው ሳለ ማለት ነው። የቁጥር ርዝመት የእውነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ በመስክ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማሽን ግን ካልተነገረው አያውቀውም።

መሐንዲሷ፦ የማሽኖቹ ሥራ ምን ያህል እንደ ሰፋም አብሮ መታየት አለበት። በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ በተባለው የብረት ማዕድን አካባቢ የሪዮ ቲንቶ ግዙፍ ገልባጭ መኪኖች ያለ ሾፌር እየተመላለሱ ማዕድን ያጓጉዛሉ፤ የሚቆጣጠሯቸው ሰዎች የተቀመጡት 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በፐርዝ ከተማ ነው። በሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ ድሮኖች ደም ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ያደርሳሉ። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው አገልግሎት አለ፤ የሞባይል ስልክ ማማዎች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችና የገንዘብ ገበያዎች ከሳተላይቶቹ የሚወስዱት ቦታን ሳይሆን ሰዓትን ነው። በጃንዩዋሪ 2016 አንድ ያረጀ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ በተፈጠረ ስሕተት ከሥርዓቱ የሚሰራጨው ሰዓት 13 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሲዛባ፣ በተለያዩ አገሮች የመገናኛ መሣሪያዎች ለሰዓታት የማስጠንቀቂያ ምልክት ሲያሰሙ ዋሉ። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሥርዓት ችግር ሲገጥመው መፍትሔው ምን መሆን እንዳለበት ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሰው ይጠብቀው» የሚል ነው፤ ይህ መልስ ግን አጥጋቢ አይደለም።

ቀያሹ፦ አጥጋቢ አለመሆኑን ሮያል ማጀስቲ በተባለችው የመዝናኛ መርከብ ላይ የደረሰው በደንብ ያሳያል፤ ነገሩ በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። መርከቧ ጁን 9 ቀን 1995 እኩለ ቀን ላይ 1,509 ሰዎች አሳፍራ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ተነሣች። ከወደብ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ የጂፒኤሱን አንቴና ከመቀበያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ከመሰኪያው ወጣ። መቀበያው ሳተላይቶቹን ሲያጣ ሥራውን አላቆመም፤ በመጨረሻ ካወቀው ቦታ ተነሥቶ፣ ከመርከቧ አቅጣጫ ጠቋሚና ከፍጥነት መለኪያዋ የሚደርሰውን ቁጥር እየደመረ፣ አሁን መርከቧ ልትገኝበት የሚገባትን ቦታ በግምት ማስላቱን ቀጠለ። እንዲህ ያለው ግምት ነፋስና የባሕር ጅረት መርከብን ወደ ጎን እንደሚገፏት አያይም። መሣሪያው ወደ ግምት መሸጋገሩን ያስታወቀው አንድ ሰከንድ በሚሆን ድምፅና በማሳያው ላይ በተጻፉ ጥቃቅን ፊደላት ነው። አውቶፓይለቱ፣ ማለትም መርከቧን በተሰመረላት መንገድ የሚመራው መሣሪያ፣ የተገመተን ቦታ ከተለካ ቦታ ለይቶ እንዲያውቅ ሆኖ ስላልተሠራ የደረሰውን ሁሉ እንደ እውነት እየተቀበለ መርከቧን 34 ሰዓታት ያህል ነዳት።

በዚህ ጊዜ ሁሉ በመርከቧ ማዘዣ ክፍል ሰው ጠፍቶ አያውቅም። በቦስተን መግቢያ ላይ መታየት የነበረበት ተንሳፋፊ ምልክት በተጠበቀው ሰዓት በራዳር ላይ ታየ ተባለ፤ የታየው ግን የሰመጠ መርከብ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ሌላ ምልክት ነበር። ቀጣዩን ምልክት ተረኛው መኮንን ጭራሽ አላየውም፤ ሆኖም ጂፒኤሱ አልፈነዋል ስላለ ምልክቱ ታይቷል ብሎ ለካፒቴኑ ነገረ። ከመሬት በሚላክ ሞገድ የሚሠራው ሎራን የተባለው ሌላ የቦታ መለያ መሣሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ በትክክል እየሠራ ሳለ ያመሳከረው አልነበረም። በማግሥቱ ከምሽቱ 4፡25 ላይ መርከቧ ከመስመሯ 17 የባሕር ማይል ወደ ምዕራብ ርቃ በናንተኬት ደሴት አቅራቢያ የአሸዋ ደለል ላይ ወጥታ ቆመች። የሰው ሕይወት ባለመጥፋቱ እንደ ታላቅ አደጋ አይታወስም፤ በትምህርቱ ግን ከብዙ ታላላቅ አደጋዎች ይበልጣል።

መሐንዲሷ፦ ታሪኩ የሚደግፈው እንግዲህ የመሐንዲሶቹን ክርክር ነው። ሰዎቹ ሠላሳ አራት ሰዓት ያህል ማመሳከሪያው አጠገባቸው እያለ አላዩትም፤ ሎራንንና ጂፒኤስን በየደቂቃው የሚያነጻጽር አንድ ቀላል ፕሮግራም ቢኖር ግን መርከቧ ገና በመንገድ ላይ ሳለች ልዩነቱን ባስታወቀ ነበር። ማሽን አይሰለችም፣ እንቅልፍም አይወስደውም።

ቀያሹ፦ የሚያነጻጽር ፕሮግራም እኮ ነበረ! አውቶፓይለቱ ለራሱ ከአቅጣጫ ጠቋሚውና ከፍጥነት መለኪያው የመርከቧን ቦታ ያሰላ ነበር፤ ያንንም ከጂፒኤሱ ጋር እያስተያየ ልዩነቱ 200 ሜትር ሲያልፍ ደወል እንዲያሰማ ተሠርቶ ነበር። ደወሉ ያልጮኸው መቀበያው ወደ ግምት ሲሸጋገር ከእነዚያው ሁለት መሣሪያዎች መቅዳት ስለ ጀመረ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው ፍጹም ተስማምተው ቆዩ፤ ሁለቱም ስሕተት ነበሩ። ዳኛው ፊት ሁለት ምስክሮች ቆመው አንድ ቃል ሲናገሩ፣ ሁለተኛው ቃሉን ከመጀመሪያው የሰማ ከሆነ የተገኘው አንድ ምስክርነት ብቻ ነው። የዚህ ዘመን ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኖች አይመሳከሩም ማለት ሳይሆን፣ የሚመሳከሩባቸው ነገሮች ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸው ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

መሐንዲሷ፦ ይህ ነጥብ በአቪዬሽኑ ዘርፍ በቅርብ ዓመታት ከታየው ጋር በትክክል ይገጥማል። አውሮፕላን ከሳተላይት ሌላ የማንንም ሞገድ የማይፈልግ መሣሪያ አለው፤ ኢነርሻል የሚባለው ይህ መሣሪያ የአውሮፕላኑን እያንዳንዱን መፍጠን፣ መዘግየትና መዞር ከውስጥ እየለካ ቦታውን ይደምራል። ስሕተቱ ከጊዜ ጋር ስለሚጠራቀም ግን በብዙ ዘመናዊ አውሮፕላኖች ላይ ጂፒኤሱ በየጊዜው እንዲያርመው ተደርጓል። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ ላይ ሐሰተኛ የሳተላይት ሞገድ ሲሰራጭ፣ በአንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ የተሳሳተው ጂፒኤስ ብቻ አልነበረም፤ ኢነርሻሉም በሐሰተኛው ቦታ ታርሞ አብሮ ተሳሳተ፣ ሰዓቱም ተዛባ፣ ከመሬት ጋር መጋጨትን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያም በባዶ አየር ላይ ተራራ እንደ ቀረበ አድርጎ ጮኸ።

ቀያሹ፦ እንግዲህ የአራቱ ሥርዓቶች ጉዳይም በዚሁ ይፈታል። ጂፒኤስ፣ ጋሊሊዮ፣ ቤይዱና ግሎናስ ባለቤታቸው ይለያይ እንጂ የሚናገሩት በተጎራባች የሬዲዮ ክልል፣ በተመሳሳይ ደካማ ኃይል ነው፤ አንዱን የሚሸፍን ጫጫታ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ይሸፍናል። ባለቤቱ ቢዘጋው ለሚለው ሥጋት አራት ናቸው፤ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ቢያውካቸው ለሚለው ሥጋት ግን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

መሐንዲሷ፦ ለማወክ የሚያስፈልገው መሣሪያም አሳሳቢ በሆነ ደረጃ ትንሽ ነው። በ2012 በአሜሪካ ኒውርክ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላኖችን በሳተላይት ለማሳረፍ የተተከለው የመሬት ጣቢያ ይታወክ ነበር። የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪዎች ሲከታተሉት ምክንያቱ በአቅራቢያው ያለፈ የፒክ አፕ ሾፌር ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየው በሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት የሚሠራ የሞገድ ማወኪያ የሰካው አሠሪው በመኪናው ላይ ባስገጠመው ጂፒኤስ እንዳይከታተለው ነው። ቅጣቱ 31,875 ዶላር ሆነ። በጦርነት አካባቢ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ሌላ ነው፤ በ2024 የፊንላንድ አየር መንገድ ፊንኤር በሞገድ መታወክ ምክንያት ወደ ኢስቶንያዋ ታርቱ ከተማ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ያህል አቋረጠ፤ በማረፊያው ላይ ከሳተላይት ሌላ አውሮፕላኖቹን የሚመራ አማራጭ አልተዘጋጀም ነበርና። በዚያው ዓመት በእስራኤል ሰማይ ከሚላኩ ድሮኖችና ሚሳይሎች ለመከላከል ሲባል በተሰራጨ ሞገድ ሳቢያ፣ በቴል አቪቭና በሃይፋ መንገዶች ላይ ያሉ ሾፌሮች ስልካቸው ላይ ራሳቸውን ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ አገኙት።

ቀያሹ፦ ከእነዚህ ሁለት ዓይነት ችግሮች፣ ከማወክና ከማሳሳት፣ ይበልጥ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ማወክ ዝምታን ያስከትላል፤ መቀበያው ቦታ ማግኘት ስላልቻለ ቢያንስ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ይታወቃል። ማሳሳት ግን ውሸት ነው፤ መቀበያው ሁሉም ደኅና ነው እያለ ይመራል። በ2013 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ቶድ ሃምፍሪስና ተማሪዎቹ 65 ሜትር ርዝመት ባላት የግል ጀልባ ላይ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ላይ ይህን አሳይተዋል። በእጅ ቦርሳ ልክ ከሆነ መሣሪያ ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሞገድ ልከው፣ ኃይሉን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ መቀበያውን ከሳተላይቶቹ ላይ ነጠቁት፤ ከዚያም ጀልባዋ በጥቂት ዲግሪ ከመስመሯ እንደ ወጣች አስመሰሉ። ሠራተኞቹ መስመሩን ለማቃናት ባዘዙ ቁጥር ጀልባዋ በእውነቱ ከመስመሯ እየወጣች ሄደች፤ በማሳያው ላይ የምትታየው ጀልባ ግን ቀጥ ባለ መስመር ትጓዝ ነበር። አንድም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አልተሰማም።

መሐንዲሷ፦ ለውሸቱ ቢያንስ አንድ ቁርጥ ያለ መድኃኒት መጥቷል፤ የአውሮፓው ጋሊሊዮ በሚልከው መልእክት ላይ ሊፈበረክ የማይችል ዲጂታል ፊርማ እያከለ፣ መቀበያው መልእክቱ በእርግጥ ከሳተላይቱ መምጣቱን እንዲያረጋግጥ የሚያስችለውን አገልግሎት በ2025 ይፋ አድርጓል። ፊርማው ግን እውነተኛ መልእክትን ሰምቶ ጥቂት አዘግይቶ መልሶ የሚያስተጋባን አሳሳች ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ጫጫታንም አያስቆምም። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮች የግድ ናቸው፤ ለመንገድ ተሽከርካሪ የጎማው ዙር ቆጣሪ፣ ካሜራና ሌዘር መንገዱን ከካርታ ጋር እያስተያዩ የሚሰጡት ቦታ፣ ለመርከብ ደግሞ ራዳርና የዘመነ ሎራን አሉ። ሎራን ከመሬት ማማ በዝቅተኛ ድግግሞሽና በብዙ ኃይል ስለሚላክ በኪስ መሣሪያ አይታወክም፤ አሜሪካ በ2010 ብትዘጋውም ደቡብ ኮሪያ በተደጋጋሚ ከሰሜን በኩል በሚመጣ ማወክ ምክንያት ፊቷን ወደ እርሱ መልሳለች። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚም አቋርጦት የነበረውን በከዋክብት ቦታን የማግኘት ትምህርት በ2015 እንደገና ጀምሯል።

ነገር ግን መጠራጠር ዋጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ምስክሮች በጥቂቱ በተለያዩ ቁጥር የሚቆም ገልባጭ መኪና ማዕድን አያደርስም፤ በየደቂቃው የሚጮህ ደወል ደግሞ በመጨረሻ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያጠፉታል፤ ያኔ ጥርጣሬው ከመጀመሪያው ያልነበረ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጥርጣሬው ልክ ያስፈልገዋል።

ቀያሹ፦ ልክ ነሽ፤ በዚህ ነጥብ ላይ የቀያሽ ሙያ የሚያበድረው ነገር አለ። ቀያሽ ከታወቀ ነጥብ ተነሥቶ፣ ችካል እየተከለ ዞሮ፣ ወደ ሌላ የታወቀ ነጥብ ሲደርስ የለካው ቦታና አስቀድሞ የተመዘገበው ቦታ ፈጽሞ እኩል አይሆኑም። ልዩነቱ ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ከሆነ በነጥቦቹ ላይ ይከፋፈላል፤ ከወሰኑ ካለፈ ሥራው በሙሉ ይደገማል። ወሰኑ የሚጻፈው ግን ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ውጤቱ ታይቶ የሚወሰን ወሰን ሁልጊዜ ለውጤቱ ያደላልና። ሌላም አለ፤ በአማራና በትግራይ ክልሎች የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ ድንበሩ የሚጸናው አዋሳኝ ባለ ይዞታዎች ከመሬት ኮሚቴው ጋር ቆመው ሲመሰክሩ ነበር። ጎረቤቱ የተፈለገው ቦታውን በማወቁ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩ በስሕተት ወደ እርሱ ከተገፋ የሚጎዳው እርሱ በመሆኑ ነው። የተለካውን ድንበር በዓይኑ የሚፈትሽ፣ ጥቅሙም ከባለ መሬቱ ጋር የማይገጥም ሰው ነበር። ለማሽንሽም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ፣ ከሳተላይቱ ምንም ያልተበደረ ምስክር ነው።

መሐንዲሷ፦ ይህ በንድፍ ሥራ ላይ ሲተረጎም አንድ ቁርጥ ያለ ደንብ ይሆናል፤ በማሽኑ ውስጥ ካሉት የቦታ መለኪያዎች ቢያንስ አንዱ በሳተላይት እንዳይታረም መከልከል አለበት። ብቻውን ሲተው ትክክለኛነቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ እየታወቀ፣ ለማመሳከሪያነት ሲባል ብቻ ሳይነካ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ ብዙ መሐንዲሶችን ያስቸግራል፤ ያለውን መረጃ ሁሉ አዋሕዶ ምርጡን ግምት ማውጣት በትምህርት ቤት የተማሩት ነውና፣ አንድን መለኪያ ሆን ብሎ ደካማ አድርጎ መተው ብክነት ይመስላቸዋል።

ቀያሹ፦ ምስክሮቹ ተለያይተው፣ ማሽኑም መቆም የማይችል ከሆነስ? ገልባጭ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል፤ በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ግን አይቆምም።

መሐንዲሷ፦ በዚያን ጊዜ ማሽኑ አንድ ነጥብ መምረጡን ትቶ ራሱን በክብ ውስጥ ማሰብ አለበት፤ ምስክሮቹ በተለያዩ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፤ የሚወሰደውም እርምጃ ማሽኑ በክቡ ውስጥ የትም ቢሆን አደጋ የማያስከትለው መሆን ይኖርበታል። አቪዬሽን ይህን አስቀድሞ በሕግ አስገብቶታል፤ በሳተላይት እየተመሩ ወደ ማኮብኮቢያ በሚደረጉ አንዳንድ አቀራረቦች ላይ ክቡ ወደ ጎን 40 ሜትር ካለፈ አብራሪው ወደ ማኮብኮቢያው መውረዱን ይተዋል፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ከዚህ ወሰን የመውጣት ዕድሉም ከአሥር ሚሊዮን አቀራረቦች ከሁለት እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ቁጥሩን የወሰኑት የአውሮፕላኑ አምራቾች ብቻቸውን አይደሉም፤ አገሮች በጋራ ተቀምጠው ነው።

ቀያሹ፦ ለመንገድ መኪና ያን ክብ የሚወስነው ማን ነው?

መሐንዲሷ፦ እስከ አሁን በአብዛኛው እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ነው፤ ቁጥሩንም የሚያስቀምጠው በሶፍትዌሩ ውስጥ እንጂ መንገደኛው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ አይደለም። የመኪና መንገድ መስመር ስፋቱ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ክቡ ከአንድ ሜትር በታች መሆን ይኖርበታል፤ በእግረኛ መተላለፊያ አጠገብ ደግሞ ከዚያም ማነስ አለበት።

ቀያሹ፦ እንግዲያውስ ወሰኑ ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ፤ በአምራቹም ብቻ ሳይሆን በአዋሳኙ ፊት ይጻፍ፤ የመንገዱ አዋሳኝ ደግሞ እግረኛው ነው።